የአያቴን ቤት የወሰደው አዋጅ ዛሬም እኛን ይገዛናል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እናቴ ሁሌ የምትለው ነገር አለ። አያቴ ሦስት ቤት ነበራቸው፤ ሁለቱ በደርግ ጊዜ ተወረሱ። እኛ ደግሞ ተወልደን ያደግነው ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰው የተወረሰው ቤት መሆኑ ነው። አሁን ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተብሎ ኮንዶሚኒየም እየጠበቅን ነው። ወንድሜ «የድሮውን ተዉት፣ የዛሬው ችግር የዛሬዎቹ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ ነገር ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው ትላለች። ማን ነው ልክ? ከ50 ዓመት በፊት የሆነ ነገር እውነት ዛሬ ድረስ ፖለቲካውንም ኑሮውንም ይወስናል? የአያቴስ ቤት ሊመለስ ይችላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው፤ ሌላው ተረጋግቶ የሚወራ ነው።

የአያትሽ ሁለት ቤቶች የተወረሱት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከሆነ፣ የሚመለሱበት ሕጋዊ መንገድ የለም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ተስፋ ሰጥቼሽ ከአንዱ ጠበቃ ደጅ ወደ ሌላው እንድትንከራተቱ አልፈልግም። በኢሕአዴግ ጊዜ ያላግባብ የተወሰዱ ንብረቶች የሚመለሱበት አዋጅ ወጥቶ ነበር። እሱ የሚመለከተው ግን ከሕጉ ውጭ፣ በጉልበት ወይም በአንድ ባለሥልጣን ቃል የተወሰዱትን ነው። አዋጁን ተከትሎ የተወረሰ «ትርፍ ቤት» እዚያ ውስጥ አይገባም። አያትሽ የሚኖሩበት አንድ ቤት እንኳ ሳይቀርላቸው ተወስዶባቸው ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። አንቺ እንደጻፍሽው ግን ሦስት ነበራቸው፣ አንዱ ቀረላቸው፣ ሁለቱ ሄዱ። አዋጁ ያዘዘውም ይህንኑ ነው።

ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። እናትሽም ወንድምሽም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። በ1967 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ጥያቄ ተመለሰ፤ አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ ሳይመለስ ታለፈ። የተመለሰው «ገበሬው ለማን ነው የሚያርሰው?» የሚለው ነው። የታለፈው «መሬቱ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?» የሚለው ነው። ያ ቃል ከባላባቱ እጅ ወጣ፣ ገበሬው እጅ ግን አልገባም። መንግሥት ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ያንን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ አንዱም ለባለቤቱ አልመለሰም። እናትሽ ቁልፉ የተወሰደበትን ቀን ታስታውሳለች። ወንድምሽ ዛሬ ቁልፉን የያዘውን ሰው ያያል። ሁለቱም እውነት ነው።

ከ1967 በፊት አገሪቱ አንድ ዓይነት የመሬት ሥርዓት አልነበራትም። ይህን ሳይዙ የዛሬውን ፖለቲካ መረዳት አይቻልም።

በሰሜኑ፣ በጎጃምና በጎንደር፣ በትግራይና በወሎ ሰፊ ክፍል፣ መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር። ከአንድ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ መሟገት ይችላል። ርስት እንደ ዕቃ ለባዕድ አይሸጥም። ጌታው፣ ገዳሙ ወይም ደብሩ በጉልት ስም ከላይ ሆኖ ግብር ይቀበላል፤ ገበሬውን ግን ከርስቱ መንቀል አይችልም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለርስቱ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

በደቡቡና በምዕራቡ ታሪኩ ሌላ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የምኒልክ ጦር ከደረሰ በኋላ መሬቱ በቃላድ ተለካ። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ ስሙ የሥርዓቱ ስም ሆኖ ቀረ። የተለካው መሬት ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። ለአካባቢው ባላባት ሲሶ ተተወለት። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚኖረው ገበሬ ገባር ሆነ፣ ኋላም ጭሰኛ። ካመረተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። በላዩ ላይ የዓመት በዓል በግ፣ ማር፣ እንጨት፣ የጉልበት ሥራ አለ። ባለመሬቱ ደስ ካላለው ያባርረዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርሲ ውስጥ ጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲገባ፣ ስንት ዘመን ያረሱ ጭሰኞች «መሬቱን ለማሽን እፈልገዋለሁ» ተብለው ወጥተዋል።

ስለዚህ «መሬት ላራሹ» የተባለው ቃል ተራ መፈክር አልነበረም። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. ይዘውት አዲስ አበባ አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት ገበሬው ራሱ ጀምሮታል። ጌዴኦ ውስጥ በ1952 ተነስቷል። ባሌ ውስጥ ዋቆ ጉቱ የሚባለውን መሪ ይዞ ለዓመታት ተዋግቷል። ከተማሪዎቹ ሰልፍ በኋላም ጎጃም በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት አምጿል። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ሕግ ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ አላለፈም። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩና ማን ያሳልፈው? ትንሹ ማሻሻያ ሲታፈን ትልቁ መጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ታወጀ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ተከለከለ። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ያለበት ዕዳና ግዴታ በአንድ ቀን ተሰረዘ። አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ወርደው ገበሬውን አደራጁ። ዛሬ ሽማግሌ የሆኑ ዘማቾች ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። እኔም ሰምቻቸው ልቤ ይነካል። ወላይታ፣ ሲዳማ፣ ጅማ፣ ወለጋ ውስጥ ለሚኖር ጭሰኛ ያ ቀን ነፃ የወጣበት ቀን ነው። ማንም ይህን ሊቀንስበት አይገባም።

አሁን ግን እናትሽ የምታወራው ወር ይመጣል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማው አዋጅ ወጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይቀርለታል። የተረፈው ሁሉ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ የሆነው «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱ ክልክል ሆነ። ለቤቶቹ ካሳ ይከፈላል ተብሎ ነበር። ለብዙዎቹ ሳይከፈል ቀረ።

ልብ በይ፣ ከተወረሱት መካከል ሰፋፊ ግቢና ሕንፃ የነበራቸው መኳንንት ነበሩ። ጠላ ሸጣ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ዕቁብ ጥላ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠርታ የምታከራይ ሴትም ነበረች። አዋጁ ሁለቱን አልለየም። እንደ እኔ አስተያየት የከተማው አዋጅ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የገጠሩ አዋጅ ጭሰኛና ባለመሬት በሚል ግልጽ መስመር ላይ ቆመ። የከተማው ግን ለእርጅናዋ ብላ ሁለት ክፍል የሠራችውን ከመኳንንቱ ግቢ ጋር አንድ ላይ ጠረገ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት እናት ለምክር መጥተው ነበር። ከፌስታል ውስጥ ሦስት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። አንደኛው በንጉሡ ጊዜ የተገበረበት ደረሰኝ ነው። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ማኅተሙ ላይ ያለው አንበሳ ግን አሁንም ይታያል። ሁለተኛው ትርፍ ቤት ማስረከባቸውን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሦስተኛው የቀበሌ ቤት ኪራይ ደብተር ነው፤ ወሩና ብሩ በእጅ እየተጻፈ በአናቱ ማኅተም የተመታበት። ኪራዩ 7 ብር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው 7 ብር። እሳቸው የሚያዩት የመጀመሪያውን ወረቀት ነበር፤ እኔ ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከሦስተኛው ነው። ዳቦ አሥር እጥፍ፣ ጤፍ መቶ እጥፍ ሲሆን ያ 7 ብር አልተነቃነቀም። የከተማችን የቤት ታሪክ እዚያ ደብተር ላይ አለ።

ለምን ብትይ፣ 7 ብር ጣሪያ አይቀይርም። ቀበሌው ቤቱን የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ለማደስም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱ አይመጣም። ስለዚህ ቆርቆሮው ሲዝግ በላዩ ላስቲክ ይዘረጋል፣ በላስቲኩ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ግለሰብ ለኪራይ መሥራት ስለተከለከለ አዲስ የሚከራይ ቤት አልተሠራም። ሕዝቡ ግን ይበዛል። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? እዚያው ቀበሌ ቤት ውስጥ። ልጅ ሲያገባ ጓሮ ላይ ክፍል ይቀጠላል፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ቆጥ ይሠራለታል፣ «ደባል» የሚባል ተጨማሪ ተከራይ ይገባል። አንቺ ያደግሽበትን ቤት ሳላየው እንደዚህ እንደሆነ እገምታለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ያ 7 ብር ድሃውን መሀል ከተማ ላይ አቆየው። አዲስ አበባ ከመጀመሪያውም በመኳንንት ሰፈር ነው የተቆረቆረችው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር ስንል፣ ጌታው መሀል ላይ ሰፍሮ ሎሌውና ተከታዩ ዙሪያውን የሰፈረበት ማለት ነው። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ይኖር ነበር። አዋጁ ያንን አሰፋፈር እንዳለ አቆመው። ሌሎች ከተሞች ድሃውን በገበያ ዋጋ እየገፉ ከዳር ሲያወጡት፣ የእኛ ጉሊት ነጋዴዋ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ላይ ቀረች። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ማኅበሩ፣ ቡናው፣ ሁሉም በዚያ ላይ ተገነባ። ለዚህ ነው ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ከቤቱ ይልቅ ለጎረቤቱ ያለቀሰው።

ቀበሌውም ራሱ ከእነዚያ አዋጆች የወጣ ነው። ቃሉ ዱሮም ነበረ፤ ማኅተም ያለው፣ መታወቂያ የሚሰጥ፣ ቤት የሚያከራይ፣ ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት የሆነው ግን ያኔ ነው። ገጠር ውስጥ በትንሹ 20 ጋሻ መሬት ላይ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር የዛሬው የገጠር ቀበሌ መሠረት ነው። መጀመሪያ መሬት ለማከፋፈል ተቋቋመ። ወዲያው ግን ወጣቱን ለዘመቻ የሚመለምል፣ እህሉን በኮታ የሚሰበስብ፣ ከተማ ላይ ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ለቤት የሚፈትሽ ክንድ ሆነ። መሬትሽንና ቤትሽን የያዘው አካል፣ መታወቂያሽንም ድምፅሽንም ይዞ ተገኘ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ ወረዳ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰው ግን ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። ያ ጽሕፈት ቤት ላይ ያለን ፍርሃት፣ ለአንዲት ወረቀት ስንገባ ድምፃችን የሚቀንሰው፣ ከየትም የመጣ አይደለም።

ወንድምሽ ልክ የሚሆነው ከዚህ ነው። ደርግ በ1983 ወደቀ። የዕዝ ኢኮኖሚውን፣ የእህል ኮታውን፣ የመንደር ምሥረታውን ሁሉ አዲሱ መንግሥት ጣለ። መሬቱን ግን አልጣለም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ደርግን በጠመንጃ የጣሉ ሰዎች የደርግን አዋጅ ወደ ሕገ መንግሥት ከፍ አደረጉት። የሰጡት ምክንያት ነበር፤ ገበሬው መሸጥ ከተፈቀደለት በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ከተማ ይፈልሳል የሚል። ይህ ምክንያት ባዶ አይደለም። ድርቅ ባለበት አገር ለገበሬው የሚያስቡ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ። ግን ሌላም ጥቅም አለው። መሬት የያዘ መንግሥት የገበሬውን ድምፅ ይይዛል። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን በፊት በሥልጣን ላይ የነበሩና ከድሮው ሥርዓት ጋር የተያያዙ የተባሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት»፣ «ፊውዳል» ተብለው ድርሻቸው ተቀንሶ ነበር። ገመዱ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ የሚጎትተው የቀበሌ ኮሚቴ ነው።

ከተማ ላይ ደግሞ በ1986 ሊዝ መጣ። በኋላም አዋጅ ቁጥር 721/2004 ወጣ። ቦታ የመንግሥት ሆኖ ይቀጥላል፤ አንቺ ቦታውን ለመኖሪያ ለ99 ዓመት የመጠቀም መብት በጨረታ ትገዣለሽ። ከሊዝ በፊት የተያዘው «ነባር ይዞታ» ይባላል። ይህ ማለት ቦታ ለገበያ የሚያወጣው አንድ ሻጭ ብቻ ነው። አንድ ሻጭ ባለበት፣ ያውም ቀስ እያለ ጥቂት ጥቂት በሚያወጣበት ገበያ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ነበር። ጨረታ የማይደርስበት ሰው ደግሞ ከገበሬ በመንደር ውል ይገዛል። ሌሊት ተሠርቶ ጠዋት የሚገኘው «ጨረቃ ቤት» ከዚህ ነው የተወለደው። ዱባይና ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን በመንደር ውል ላይ አፍስሳ፣ በኋላ ግሬደር መጥቶ የጠረገባት እህት ስንት ናት! እነዚህ ጉዳዮች ሲመጡብኝ የምለው ይጠፋኛል። ሻጩ ሕግ በማይፈቅደው መንገድ ሸጠ፤ ገዢዋም ካርታ የሌለው ነገር ገዛች፤ ሁለቱም ግን ሌላ በር አልነበራቸውም።

ገጠር ላይ ሌላ ነገር ታያለሽ። ድሮ ባለመሬቱ ሀብታም፣ አራሹ ድሃ ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ተገልብጧል። መሬቱ በስሟ ያለ ባሏ የሞተባት ሴት በሬ የላትም፣ ጉልበት የላትም። ስለዚህ በሬ ላለው ጎረቤት በእኩል ታሳርሳለች። ድሃዋ «ባለመሬት» ነች፣ ያለው ደግሞ «አራሽ» ነው። እኩልና ሲሶ የሚባለው ቃል አልጠፋም፤ የሚያርሰውና የሚያሳርሰው ቦታ ተለዋወጡ። ልጆቿ ደግሞ ምንም የላቸውም። ያ 10 ሄክታር ጣሪያ ማንም የማይደርስበት ሆኗል። ዛሬ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በአማካይ አንድ ሄክታር ቢሆን ነው፤ ለአራት ልጅ ሲካፈል ለአንዱ ጎጆ መቀለሻ አይበቃም። ወጣቱ ከተማ ልግባ ቢል ደግሞ በየክልሉ ሕግ ከቀበሌው ርቆ የከረመ ሰው ይዞታውን የሚያጣበት ድንጋጌ ነበር። መሬቱ አያበላውም፣ ትቶት እንዳይሄድም ይይዘዋል።

ሁሉም መጥፎ ነው አልልሽም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማግኘቱ ትልቅ ለውጥ ነው። አማራ ክልል ውስጥ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ በአንድ ደብተር ላይ ሲወጣ የብዙ ሴቶች ሕይወት ተቀይሯል። ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት ከወንድሞቹ ጋር የምትከራከርበት ወረቀት አገኘች። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ፈቅዷል። ያ ሁሉ ገበሬ ከ40 ዓመት በላይ በእጁ ያለውን ነገር ባንክ አልቀበልም ሲለው ነው የኖረው።

አሁን ወደ ፖለቲካው። ከላይ ሰሜኑንና ደቡቡን ለይቼ ያወራሁት በከንቱ አይደለም። ያ አዋጅ በአንድ ቀን ለሁሉም ወጣ፤ የደረሰበት ቤት ግን የተለያየ ነው። ደቡብ ላይ ለጭሰኛው ነፃነት ነው። ሰሜን ላይ ለብዙው ገበሬ ከአባቶቹ የመጣ ርስት መጥፋት ነው፤ መሬቱ እግሩ ሥር ቢቀርም የሚሟገትበት ዘር ማንዘር ተሻረበት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለአንዱ ርካሽ ቤት ማግኘት፣ ለሌላው ቤት ማጣት ነው፤ በናንተ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ዛሬ ሰዎች «መሬት ይሸጥ» እና «መሬት አይሸጥ» ብለው ሲከራከሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ኢኮኖሚ አይደለም። አንዱ የአያቱን ጌታ ያስታውሳል፤ ቢሸጥ ያ ጌታ በገንዘብ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ይፈራል። ሌላው የአያቱን ርስት ያስታውሳል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በምርጫ ቅስቀሳና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያቃጥለው መሬት ከሥሩ ስላለ ነው። ቃሉ ዛሬ ምንም መሬት በማይዝ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ በተወለደ ሰው ላይ ሲወረወር ግን ግፍ ይሆናል። ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

2006ን አስታውሺ። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲሰማ ተማሪዎች ወጡ። በኅዳር 2008 ተቃውሞው ኦሮሚያ ውስጥ ካለችው ከጊንጪ ተነስቶ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ብዙ ወጣት ሞተ። ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ይህ ሁሉ ስለ አንድ የከተማ ፕላን ነበር? አልነበረም። ከከተማው ዳር ያለ ገበሬ በ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሠረት ሲነሳ የሚሰጠው የአሥር ዓመት የምርት ግምት ነበር፤ በኋላ በ2011 ከፍ ተደርጓል። ያ ገበሬ የተነሳበት ቦታ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በካሬ በሊዝ ሲሸጥ ያያል። ልጁ እዚያው ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ይሆናል። ለዚያ ገበሬ ገመዱ፣ ቃላዱ፣ የአያቱ ታሪክ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚመጣበት። «መሬት ላራሹ» ብሎ የጮኸ ትውልድ ካለፈ ከ50 ዓመት በኋላ የአራሹ ልጅ «መሬታችንን አትውሰዱ» ብሎ ጮኸ።

ሌላ መንገድ ነበረ ወይ ብትይኝ፣ ነበረ። ደቡብ ኮርያ በ1950 አካባቢ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጆቹ መሬት ላራሹን ፈጽማለች። አንድ ቤተሰብ ከ3 ሄክታር ያልበለጠ ይዞ የተረፈው ለጭሰኛው ተላለፈ። ጭሰኛው የአንድ ዓመት ተኩል ምርት የሚያህል ዋጋ በአምስት ዓመት ከፍሎ ባለቤት ሆነ። ለባለመሬቱም በቦንድ ካሳ ተሰጠ፤ በጦርነቱና በዋጋ ንረቱ ቢቀልጥበትም። ባላባቱ እንደ እኛው ጠፋ። ልዩነቱ ቁልፉ የተሰጠው ለአራሹ መሆኑ ነው። የእኛው የዚያን ጊዜ አብዮተኞች ግን ገበሬው ባለቤት ከሆነ ነገ ሌላ ባላባት ይወጣዋል ብለው ፈሩ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ፍርሃት፣ ከዚያም በላይ ጥቅሙን ወረሱ።

ለእናትሽና ለወንድምሽ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ያ አዋጅ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ፖለቲካ ይኖረን ነበር፤ በዚህ እናትሽ ልክ ናት። አዋጁ 50 ዓመት የቆየው ግን በራሱ ጉልበት አይደለም፤ በየዘመኑ የሚጠቀምበት ስለተገኘ ነው። በዚህ ደግሞ ወንድምሽ።

የናንተን ጉዳይ ሳልነካ አልጨርስም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። የመክፈል አቅም ካላችሁ ኮንዶሚኒየሙን ውሰዱ። ምትክ ቤት ከወሰዳችሁ ተከራይ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ያም ቤት ነገ ይነሳል። አሁኑኑ የኪራይ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ እዩ። በእናትሽ ስም ከሆነ መታወቂያዋና ደብተሩ ላይ ያለው ስም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ወራት የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ። በአያትሽ ስም ከሆነና እሳቸው ካረፉ፣ ስሙ ሳይዛወር መለካትና ምዝገባ እንዳይደርስባችሁ ፍጠኑ። ደባል ካለ መዝገብ ላይ መኖሩን ጠይቁ። የምታገኙትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን ለማንም አትስጡ።

የአያትሽንም ወረቀት እናትሽ ካላት አትጣሉት። ቤቱን አይመልስም። ግን የቤቱ ቁጥር፣ የተረከበው ሰው ስም፣ ቀኑ እዚያ ላይ ይኖራል። እናትሽን ቁጭ አድርገሽ የትኞቹ ቤቶች እንደነበሩ፣ ማን እንደገባባቸው ጠይቂያትና ጻፊው። ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ የምታሳይሽ በር አይኖርም።